ወደ ሬኮ የሚሄድ ጆሮ

ከፍያለው፦ ሲር ነው ሲጥ ነው የሚለው? አንዱን ቁረጥና ንገረኝ!

ፊሊጶስ፦ ሁለቱንም ነው ጋሼ። አንዳንዴ ሲር ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ... ሲጥ ትላለች።

ከፍያለው፦ ሰው እንዴት የገዛ መኪናውን ድምፅ አያውቅም?

ፊሊጶስ፦ መኪናው የኔ አይደለም። የጣቢያው ነው።

ከፍያለው፦ ጆሮህስ? ጆሮህም የጣቢያው ነው?

[ዲላ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለ የጋራዥ ግቢ። ወሩ ጥቅምት ነው። እሸት ቡና መቅላት ስለጀመረ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን የሚያስፈትሽበት ሰሞን ነው። ኮፈኗ የተከፈተ ነጭ ፒካፕ ሞተሯ ተነስቶ ቆማለች።

ከፍያለው ከፍቼ ከተማ መጥቶ ዲላ ላይ ሠላሳ ዓመት ሞተር ያዳመጠ ሰው ነው። አይፈታም፣ አይገጥምም፤ ያዳምጣል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ «ይሄ ነው» ይላል፤ ሌሎች ይፈቱታል። በየዓመቱ ቡና ሳይጀመር ሬኮ ወደሚባለው ቀበሌ ወጥቶ የአንዱን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ መፈልፈያ ማሽን የሚያዳምጠውም እሱ ነው። እሱ «ይሂድ» ሳይል ማሽኑ አንድ ፍሬ አይፈለፍልም።

ዘንድሮ ግን ጥሪው ዘግይቷል። ባለፈው ወር «ደህና ነው» ብሎ የሸኘው አይሱዙ ይርጋጨፌ ሳይደርስ ኩሽኔታው ተሰባብሮ መንገድ ላይ ቆመ። ከተማው አወራ። ከፍያለውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮውን ይጠራጠራል፤ ለማንም ግን አልተናገረም።

ዛሬ የጣቢያው ሾፌር ፊሊጶስ «ድምፅ አለው» ብሎ ፒካፑን ይዞ መጣ። ፊሊጶስ አማርኛውን እያንዳንዷን ቃል መዝኖ የሚናገር፣ ሰው ሲቀልድ በማግስቱ የሚስቅ የጌዴኦ ሰው ነው። ከፍያለው ድምፁን ካገኘው ሬኮ ይወጣል። ካላገኘው «ጆሮው አለቀ» ይባላል። ችግሩ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ቢያዳምጥም ከሞተሩ በቀር ምንም አልሰማም።]

ፊሊጶስ፦ ጋሼ፣ ሰሙት?

ከፍያለው፦ [ቶሎ ብሎ] ሰማሁት እንጂ! አንተ በሩን ሳታልፍ ነው የሰማሁት።

ፊሊጶስ፦ [ዓይኑ ፈጦ] እውነት?

ከፍያለው፦ ምን ያስደነግጥሃል?

ፊሊጶስ፦ አይ፣ እኔማ... አይሰሙትም ብዬ ነበር።

ከፍያለው፦ ማን ነው አይሰማም ያለው? ስሙን ጥራ!

ፊሊጶስ፦ ማንም። ድምፁ ትንሽ ናት ብዬ ነው።

ከፍያለው፦ አንተ ጋ ትንሽ ናት። እኔ ጋ ሰርግ ቤት ነው።

[አፉ ሰርግ ቤት ይበል እንጂ ሆዱ ለቅሶ ቤት ነው።]

ከፍያለው፦ እስቲ አንተ የት ጋ ይመስልሃል?

ፊሊጶስ፦ እኔን ይጠይቁኛል?

ከፍያለው፦ ልፈትንህ ብዬ ነው።

ፊሊጶስ፦ እኔ ሾፌር ነኝ። እርስዎ ይንገሩኝ።

ከፍያለው፦ አንተ ቀድመህ ተናገር አልኩህ!

ፊሊጶስ፦ ቀድመህ እንዳትናገር ተብዬ... [አፉን ይይዛል] ማለቴ፣ ትልቅ ሰው እያለ ቀድሞ መናገር ነውር ነው።

ከፍያለው፦ አስተዳደግህ ጥሩ ነው፤ ሥራ ግን ያስፈታል። በል ዞር በል።

[ካቻቢቴውን ያነሳል። ጫፉን ውሃ ፓምፑ ላይ ያሳርፋል፣ ያዳምጣል። ወደ መሪው ፓምፕ ያሻግረዋል፣ ያዳምጣል። ዲናሞው ላይ ይደግነዋል። ሁሉም ጋ ያው ነው፤ እኩል፣ ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ ጉርርታ። በሌላ ጊዜ ቢሆን «ጤነኛ ነው» ብሎ ኮፈኑን ይዘጋው ነበር። ዛሬ ግን ፈራ። እንዲህ ያለ ጤና ያለበት ቦታ ድምፅ አለ ከተባለ፣ የታመመው እሱ ራሱ መሆን አለበት።]

ከፍያለው፦ [ጮክ ብሎ] ያዝኩት! ዲናሞው ነው። ኩሽኔታው ደርቋል።

ፊሊጶስ፦ ዲናሞው? እሱ እኮ አዲስ ነው ጋሼ። ባለፈው ሳምንት ነው ሀዋሳ የተገጠመው።

ከፍያለው፦ ለዚህ ነዋ! አዲስ ጫማ አድርገህ ስትሄድ አይጮህም?

ፊሊጶስ፦ ይጮሃል።

ከፍያለው፦ አየህ!

ፊሊጶስ፦ [ጥቂት አስቦ] ግን ደርቋል አሉ እኮ። አዲስ ከሆነ መቼ ደረቀ?

ከፍያለው፦ አንተ ዳቦ ገዝተህ አታውቅም?

ፊሊጶስ፦ ጫማ ነው ወይስ ዳቦ ነው ጋሼ?

ከፍያለው፦ ዲናሞ ነው! ቺንጋውን አውልቅ!

[ፊሊጶስ ሞተሩን አጥፍቶ ማላላት ይጀምራል። ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ያየዋል፣ በሸሚዙ ይጠርገዋል፣ ኪሱ ይከተዋል፣ ከዚያ ኪሱን ይዳብሳል። ከፍያለው ጊዜ በማግኘቱ ደስ ብሎታል። ዝምታው ግን ያስጨንቀዋል፤ ስለዚህ ያወራል።]

ከፍያለው፦ የሬኮው መፈልፈያስ እንዴት ነው? ያለኔ ተነሳ እንዴ?

ፊሊጶስ፦ አልተነሳም። ሸራ ለብሶ እየጠበቀ ነው።

ከፍያለው፦ እኔን ነው የሚጠብቀው።

ፊሊጶስ፦ ጆሮ ነው የሚጠብቀው።

ከፍያለው፦ ያው ነው። ሥራ አስኪያጇ ሳምራ ስለኔ ምን ትላለች?

ፊሊጶስ፦ እርስዎን ትወዳለች። «አባቴ ማሽኑን ሲገዛ ቆመው ያስገጠሙት እሳቸው ናቸው» ትላለች። ቺንጋው ወለቀ።

ከፍያለው፦ አስነሳው። ለአንድ ደቂቃ ያለ ቺንጋ ምንም አይሆንም። [ሞተሩ ይነሳል] እሺ፣ አሁንስ?

ፊሊጶስ፦ አሁንስ ምን?

ከፍያለው፦ ድምፁ አለ ወይስ የለም?

ፊሊጶስ፦ እርስዎስ ምን ይላሉ?

ከፍያለው፦ እኔማ አውቀዋለሁ። አንተ ምን ትላለህ?

ፊሊጶስ፦ እርስዎ አለ ካሉ አለ። የለም ካሉ የለም።

ከፍያለው፦ ፊሊጶስ፣ ይሄ እጅ የሚወጣበት ስብሰባ አይደለም! ሞተር ነው!

[ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ያስገባሉ። ሞተሩን የሚያይ ግን የለም። ከፍያለው የፊሊጶስን ፊት ያያል፣ ፊሊጶስ የከፍያለውን። አንዱ ቅንድቡን ሲያነሳ ሌላውም ያነሳል።]

ፊሊጶስ፦ [ላብ አጥምቆት] አለ... መሰለኝ።

ከፍያለው፦ [እፎይ ብሎ] አለ! በደንብ አለ! እኔስ ምን አልኩህ?

ፊሊጶስ፦ ዲናሞው ግን አሁን አይዞርም እኮ። ቺንጋ የለውም።

ከፍያለው፦ [ይደነግጣል፤ ወዲያው ያገግማል] ስለዚህ ምን ማለት ነው?

ፊሊጶስ፦ ዲናሞው አይደለም ማለት ነው።

ከፍያለው፦ እሱን እስክትል ነበር የጠበቅኩት! ሰው በራሱ ሲደርስበት አይረሳውም። እንዲህ ነው እኔ የማስተምረው።

ፊሊጶስ፦ የአዲሱን ዲናሞ ቺንጋ አስወልቀው ነው የሚያስተምሩት?

ከፍያለው፦ ትምህርት መስዋዕትነት ይፈልጋል።

[ፊሊጶስ እጁን ሰድዶ ሞተሩን ያጠፋል። ግቢው ጸጥ ይላል።]

ፊሊጶስ፦ ጋሼ፣ አሁንም አለ?

ከፍያለው፦ ምኑ?

ፊሊጶስ፦ ድምፁ። ያ... ሲሩ።

[ከፍያለው ያዳምጣል። ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሩቅ የሆነ ቦታ ሰው ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ሌላ ምንም የለም። የለም ቢል ጆሮው አለቀ ሊባል ነው። አለ ቢል ደግሞ ሞተሩ ጠፍቷል። ከሞተሩና ከራሱ ስም የራሱን ስም መረጠ።]

ከፍያለው፦ አለ። በስሱ።

ፊሊጶስ፦ [በሐዘን] ሞተሩ ጠፍቶም?

ከፍያለው፦ ጠፍቶ የሚጮህ ነው የከፋው! የታመቀ ንፋስ ነው፤ መውጫ አጥቶ ነው የሚያላዝነው።

ፊሊጶስ፦ ጋሼ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ተረጋግተው ያዳምጡ።

ከፍያለው፦ ሠላሳ ዓመት አዳምጬ፣ አንተ ተረጋጋ ትለኛለህ?

ፊሊጶስ፦ «የለም» ማለትም እኮ መልስ ነው። ማንም አይቀየምም።

ከፍያለው፦ «የለም» የሚለው የማይሰማ ሰው ነው! እኔ ያለውን እሰማለሁ። ስልክህን አንሳው ደግሞ።

ፊሊጶስ፦ የትኛውን ስልክ?

ከፍያለው፦ ይኸው ይጠራል እኮ። ከወንበሩ ሥር፣ ጨርቅ የለበሰው።

[ፊሊጶስ በሩን ከፍቶ ጎንበስ ይላል። እውነትም ከወንበሩ ሥር፣ ሹራብ ውስጥ የተጠቀለለች ስልክ በቀጭኑ እየጠራች ነው። ፊሊጶስ ስልኳን ያያል፣ ከፍያለውን ያያል፣ ግራ ይጋባል። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል።]

ፊሊጶስ፦ አቤት ሳምራ... አዎ፣ እሳቸው ጋ ነኝ... ሰምተዋል... ሰምተዋል እኮ ነው የምልሽ... መጀመሪያ ዲናሞ ነው አሉ... አይ፣ ሞተሩ ጠፍቶም ሰምተዋል... [እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል] እኔም አዝኛለሁ። እሺ።

ከፍያለው፦ [እጁን እያፋተገ] ሁሉንም ነገርካት አይደል?

ፊሊጶስ፦ ሁሉንም።

ከፍያለው፦ መቼ እንድመጣ ነው ያለችው? ካንተ ጋር ልሂድ ወይስ ነገ በሚኒባስ ጨለለቅቱ ድረስ ልምጣ?

ፊሊጶስ፦ አይመጡም ጋሼ።

ከፍያለው፦ እንዴት አልመጣም?

ፊሊጶስ፦ ፒካፑ ምንም የለባትም። ሀዋሳ ተፈትሻ፣ ጤነኛ ናት ተብላ ነው የመጣችው። «ድምፅ አለው በላቸው» ያለችኝ ሳምራ ናት። «የለም ካሉ ጆሯቸው ደህና ነው፣ ጭነሃቸው ና። አለ ካሉ ተዋቸው» ብላኛለች። የአይሱዙው ወሬ አስፈርቷት ነው። እኔ ደግሞ ውሸት ስለማልችል ሲሩንና ሲጡን አደባለቅሁት።

[ከፍያለው የፒካፑ የፊት መከላከያ ላይ ቁጭ ይላል።]

ከፍያለው፦ ምንም ድምፅ የለም?

ፊሊጶስ፦ የለም።

ከፍያለው፦ ሲርም?

ፊሊጶስ፦ ሲርም ሲጥም።

[ፊሊጶስ ሽማግሌው ሊያለቅስ ነው ብሎ ይጠጋዋል። ከፍያለው ግን ዘሎ ይነሳና ያቅፈዋል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ የደስታ ነው።]

ከፍያለው፦ እንግዲያ ጆሮዬ ደህና ነው! ፊሊጶስ፣ አልሰማሁም እኮ! ማርያምን፣ ከመጣህ ጀምሮ አንዲት ነገር አልሰማሁም!

ፊሊጶስ፦ አልሰሙም?

ከፍያለው፦ ምንም! ደነቆርኩ ብዬ እኮ ወር ሙሉ በፍርሃት አለቅኩ!

ፊሊጶስ፦ የዲናሞው ኩሽኔታስ?

ከፍያለው፦ ውሸቴን ነው!

ፊሊጶስ፦ የታመቀው ንፋስስ?

ከፍያለው፦ ከየት አባቱ ይመጣል! ፈጠርኩታ! በል አሁን ደውልላት። «ጋሽ ከፍያለው ምንም አልሰሙም» በላት። ጮክ ብለህ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ!

ፊሊጶስ፦ ጋሼ፣ ሳምራ በስልኩ እንዳለችኝ አሁን ባንተአምላክ ሬኮ ላይ ማሽኑን እያስነሳ ነው።

ከፍያለው፦ የቱ ባንተአምላክ? አሪቻ ያለው? እኔ ያስተማርኩት?

ፊሊጶስ፦ አዎ። ትናንት ፒካፑን እሱ ጋ ይዤ ሄጄ ነበር። እኩል ከሆናችሁ እርስዎ ይቀድሙ ነበር።

ከፍያለው፦ እሱ ምን አለ?

ፊሊጶስ፦ «እኔ ምንም አይሰማኝም» ብሎ ኮፈኑን ዘጋ።

ከፍያለው፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] እሱማ አይሰማም! ድሮም አይሰማም! ጄኔሬተር አጠገቡ ቢፈነዳ ዞር ብሎ አያይም! በዱላ ነክቼ ነበር የምጠራው!

ፊሊጶስ፦ አውቃለሁ ጋሼ። እሱም አልሰማም፣ እርስዎም አልሰሙም። እሱ ግን ነገረን።