አቅጣጫ የተቀመጠለት ካንዴላ

በዚህች አገር ስንት ነገር ተነቅሏል። ጥርስ ተነቅሏል፣ ችካል ተነቅሏል፣ ሹም ተነቅሏል። እንደ አያ ትዕዛዙ መኪና ካንዴላ ግን በክብር፣ በሥነ ሥርዓትና በሰፊ ውይይት የተነቀለ ነገር የለም። መፍቻውን ይዤ የነበርሁት እኔ ስለሆንሁ ብመሰክር ሐሰት የሚለኝ አይኖርም።

አያ ትዕዛዙ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኮኪት፣ አስፋልቱ ዳር ባለው ግቢያቸው አንዲት አሮጌ የቤንዚን ጭነት መኪና አለቻቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት ከጎጃም ለሰሊጥ ሥራ የወረዱት ሳሉጎች ሸራቸውን ጠቅልለው መኪናዋ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ ማሳው ላይ ቆሟል። ደርቆ አፉን ከፍቷል። ዛሬ ሸራ ላይ ካልተራገፈ ነፋስ መጥቶ መሬት ላይ ይዘራዋል። የአያ የዓመት ልፋት ማለት እሱ ነው፤ ሌላ የላቸውም። የአያ ሚስት እትዬ ስርጉት ማሳው ላይ ሆነው መንገድ መንገዱን ያያሉ። በዚያ ሰሞን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ማሳ ወርዷል፤ የቀረችው ይቺ ናት። እሷም ትስላለች እንጅ አትነሣም።

አያ ኮፈኖውን ከፍተው፣ የታመመ ሰው እንደሚጠይቅ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ካንዴላው ነው" አሉ። "አራቱም በወጉ እሳት መጫር ትተዋል።"

"ጋራዥ እንግፋታ!" አልሁ።

"ጋራዥ? እኛ እጅ የለንም? በውስጥ አቅም እንነቅለዋለን!"

"የውስጥ አቅም" የሚለውን ያስተማሯቸው ጎረቤታችን አቶ ሙሉአለም ናቸው። አቶ ሙሉአለም ስብሰባ መምራት ይችላሉ። ሌላ ሥራ ሲሠሩ ያየ ሰው ስለሌለ ይህን ብቻ እንመርቅላቸው። ኮፈኖ ከተከፈተበት ግቢ የሚቀሩ ሰው አይደሉምና መጡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የተከበሩ ባለ መኪና፣ የተከበራችሁ ሳሉጎች፣ አንተም እዚያ መፍቻ ይዘህ የተገተርኸው! ካንዴላ ከመነቀሉ በፊት አቅጣጫ መቀመጥ አለበት።"

"አቅጣጫውማ ወደ ግራ ነው" አልሁ። "የጀሪካን ክዳን ሲከፈት እንኳ ወደ ግራ አይደል?"

አያ በሐዘን አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናትህ ምን ብላ ትመርቅሃለች?"

"በቀኝ ያውልህ።"

"በግራ ያውልህ ብላህ ታውቃለች?"

"ኧረ የለም።"

"እና ሰሊጥ የሚያህል ነገር ሜዳ ላይ ቆሞ፣ በዚህ ጠዋት፣ በግራ ልታስጀምረኝ?"

አቅጣጫ ተቀመጠ፤ ወደ ቀኝ ሆነ። በጭብጨባ ጸደቀ። ያረጋል የሚባለው ሳሉግ ብቻ አላጨበጨበም። አቶ ሙሉአለም ግን ሸራ ይዞ ስለሆነ በድምፀ ተዓቅቦ ይያዝለት አሉ።

መፍቻውን አስገብቼ ወደ ቀኝ ጠመዘዝሁ።

"እህ፣ ምን ይላል?"

"ጠበቀ፣ አያ።"

"ግፋ! ሊሸነፍ ሲል ነው የሚጠብቅ!"

ገፋሁ። ባሰበት። ወደ ሁለተኛው አለፍን፣ ጠበቀ። ሦስተኛውም፣ አራተኛውም እንደዚያው። አቶ ሙሉአለም ላቤን አይተው "አበረታች ውጤት ነው" አሉ። "በአራቱም ላይ ወጥ የሆነ አፈጻጸም ታይቷል።"

እትዬ ስርጉት ደወሉ። "ትዕዛዙ፣ ኧረ የዛፉ ቅጠል መወዛወዝ ጀምሯል! የት ናችሁ?"

"ጥሩ ደረጃ ላይ ነን" ብለው ዘጉባቸው።

ያን ጊዜ አብዱረሕማን ለአያ ትዝ አላቸው። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ያለ መካኒክ ነው፤ መኪናዋን በልጅነቷ ያውቃታል። ችግሩ፣ የእሱ አማርኛ "እንደምን አደራችሁ" ላይ ያልቃል፤ የእኛ ዐረብኛ ደግሞ "ተማም" ላይ። ስልኩ ተከፍቶ መሀል ላይ ተያዘ። አያ ካንዴላው እምቢ ማለቱን በአማርኛ ጮኸው አስረዱት። ይቋረጣል፣ ይመጣል። በመጨረሻ የሰውየው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

"ያ ዞል! ሽማል! ሽማል!"

ኔትወርኩ ሄደ።

"ሽመል አለ!" አሉ አያ።

"እኔም ሽመል ነው የሰማሁት" አሉ አቶ ሙሉአለም። "አፉ ዐረብ ስለሆነ አጣሞት ነው። የውጭ ልምድ ማለት ይሄ ነው ጎበዝ!"

"ሽመል ለሞተር ምን ያደርጋል?" አልሁ።

"ለአንተ ምን ያደርጋል?" አሉ አያ።

ከአጠገባቸው ራቅ አልሁ።

የአያ አባት ሽመል ከጓዳ ወጣ። ይመታበት ወይስ ይገፋበት በሚለው ላይ ሁለት ሐሳብ ቀረበ፤ አስታራቂው ሐሳብ አሸነፈ። መጀመሪያ አያ ሞተሩን በስሱ መታ መታ አደረጉት፤ "ለማስጠንቀቂያ ያህል ነው" አሉ። ቀጥሎ የሽመሉን ጫፍ ጠርበን መፍቻው ቀዳዳ ውስጥ ሰካነውና ሳሉጎቹ ወርደው ተረባረቡበት። ወደ ቀኝ፣ ሆ!

ቀሽ አለ። "ተነቀለ!" ብለው እልል ሊሉ ሲሉ፣ ሽመሉ ነው የተሰበረው።

የአጥር ጎረቤታችን ረቢዓ ሱቋን ትታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች። "ምንድን ነው ጩኸቱ? ሰው ትደበድባላችሁ እንዴ?"

"አብዱረሕማን በሽመል አድርጉት ብሎን ነው" አልኋት።

"እንዴት አለ? በአፉ ንገረኝ እስቲ።"

"ሽማል፣ ሽማል።"

አጥሩን ይዛ ሳቀች፤ አጥሩም አብሯት ሳቀ። "ሽማል ማለት በዐረብኛ ግራ ነው! ወደ ግራ አዙሩ ነው የሚላችሁ፣ እናንተ ጉዶች!"

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ ብስቅ የሽመሉ ስባሪ ቅርብ ነበር። አያ አቶ ሙሉአለምን አዩ። አቶ ሙሉአለም ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ላይ አቧራ ይሽከረከራል።

"ጎበዝ" አሉ አቶ ሙሉአለም፣ "በጭብጨባ የተቀመጠ አቅጣጫ አይነሣም። እንዲያ ካደረግን ነገ ማን ያጨበጭብልናል? ስሙን ማሻሻል ግን ይቻላል። ከአሁን ጀምሮ በዚህ ግቢና በዚህች መኪና ላይ ግራ የነበረው ቀኝ ይባል። ቀኝም ግራ።"

በጭብጨባ ጸደቀ። ያረጋልም አሁን እጁ ባዶ ስለነበር አጨበጨበ።

"በል፣ አንተ፣ ወደ ቀኝ!" አሉ አያ።

ወደ ግራ ጠመዘዝሁት። ጢጥ አለና ተፈታ። አራቱም እንደ ልጅ ጥርስ ወጡ። አያ ገዝተው ያስቀመጧቸው አዲሶቹ ገቡ። ሞተሩ ሲጮህ አያ አቶ ሙሉአለምን አቅፈው ሳሙ፤ እኔን ዘለሉኝ። ሁላችንም ተጭነን ወጣን። ጉዞ አማረ፤ ዘፈንም ተጀመረ።

ወደ ማሳው የሚያስገባው መንገድ ከአስፋልቱ በግራ ነው። መገንጠያው ጋ ስንደርስ ሕግ አክባሪው "ቀኝ!" ብሎ ጮኸ። የለመደ አፉ ያልታዘዘው ደግሞ "ግራ!" አለ። እኔ ሁለቱንም ጮህሁ።

"የትኛው ቀኝ?" አሉ አያ መሪውን እንደ ነብር ጨብጠው።

"የዛሬው!"

"ኧረ የድሮው ግራ ነው!"

አያ አስተዋይ ሰው ናቸው። ማንንም ሳያስቀይሙ ቀጥ ብለው ነዱ።

ከዚያ በኋላ እንመለስ ተባለ፤ በየት በኩል ትዙር የሚለው ሲያከራክር መተማ ዮሐንስ ኬላ ገመድ ላይ ደረስን።

"ምን ጫናችሁ?" አለ ጠባቂው።

"ሳሉግ።"

"ወዴት?"

"ሰሊጥ ማሳ" አሉ አያ።

"ማሳው ሱዳን ነው እንዴ?"

"የለም፣ በግራ በኩል ነው።"

"በቀኝ ነው፣ በአዲሱ" አለ ያረጋል ከላይ።

"በምኑ አዲስ?"

አቶ ሙሉአለም ማብራሪያ ሊሰጡ ወረዱ። ጠባቂው አለቃውን ጠራ፤ አለቃው ሌላ አለቃ ጠራ። ማብራሪያው ገና መግቢያው ላይ ሳለ የአያ ስልክ ጮኸ።

"ትዕዛዙ! መጣ እኮ ነፋሱ! የት ደረሳችሁ?"

"ስርጉት፣ እንኳን ደስ አለሽ!" አሉ አያ። "ካንዴላው ተነቅሏል!"

በስልኩ ውስጥ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። ሰሊጡ እንደ እኛ የሚያጨበጭብለት አላስፈለገውም፤ ግራም ቀኝም ሳይል ወደ ታች ረገፈ።