ኮከቢቷ እምቢ አታውቅም

ፊደል ብስት እለፉኝ። ሰው በትምህርት ጎበዝ ሲሆን አንድ በሽታ ይይዘዋል፤ የሚሳሳት አይመስለውም። እኔን የያዘኝ ዘንድሮ ነው። ከሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወደ ሜስኪት ቤት ቀይረን አዲስ ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ፣ ኮምፒውተር ክላስ ላይ እጅ የማወጣው እኔ፣ ቲቸሩ የሚያደንቀው እኔን። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ያ ሁሉ ዝና ካፍቴሪያው በር ላይ ይቀራል።

በዚህ ዝና የቸርቻችንን ዌብሳይት ስሪ ተባልኩ። ኳየሩም፣ ወጣቶቹም፣ የእናቶች ኅብረትም የየራሳቸውን ሰብዶሜይን ፈለጉ፤ ማለቴ ከቸርቹ አድራሻ ፊት የሚገባ የራሳቸው ስም። ቲቸሬ ስሞቹን ካወቅሻቸው አንድ በአንድ ክፈቺ ብሎኝ ነበር። ማን አንድ በአንድ ይከፍታል? ዋይልድካርድ የምትባል ኮከብ ምልክት አለች፤ አንዴ ካስቀመጧት፣ ሰው የፈለገውን ስም ቢጽፍ ታስገባለች። አስቀመጥኳት። ያልተሠራ ስም የጻፈ ሰው ለጊዜው መሞከሪያ ገጼ ላይ እንዲያርፍ አደረግኩ። እዛ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ማን ያየዋል ብዬ፣ ስሜን ሳልጠቅስ የሆዴን እጽፍ ነበር።

እሁድ ማስታወቂያ የሚያነቡት ጋሽ መስፍን፣ የጸሎት ርዕስ ገጽ ስሪልኝ ብለውኝ ገና አልደረስኩበትም። እሳቸው የተሠራ መስሏቸው፣ ፕሮግራም መሃል የቸርቹ ላፕቶፕ ላይ ከአድራሻው ፊት “ጸሎት” ብለው ጻፉ። ኮከቢቷ መቼ እምቢ ታውቃለች! የኔ ጽሑፍ ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። ጋሽ መስፍን መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ “ዛሬም ስልክ የማወራ መስዬ ምሳዬን ብቻዬን በላሁ። ለማሚ አልነግራትም፣ ደብል ሺፍት ሠርታ ነው የምትመጣው” ብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው ወገኖች፣ ለዚህ ልጅ እንጸልይ አሉ።

ደግነቱ አዳራሹ ውስጥ ካሉት እናቶች ግማሾቹ ደብል ሺፍት፣ በቀን ሁለት ፈረቃ፣ ነው የሚሠሩት። ማሚ አጠገቤ እንባዋን እየጠረገች፣ ዝም አትበይ ጸልዪ እንጂ ብላ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ለራሴ ጮክ ብዬ ጸለይኩ። መኪና ውስጥም አልተወችኝም። የጻፈችው ሴት ናት፣ ወንድ ልጅ እንዲህ አይጽፍም አለች። ቀጥላ፣ ምን ዓይነት እናት ናት ግን ይሄን የማታውቀው? አለችኝ። በመስኮት ሃይዌዩን አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ኪችን ስገባ ሁለት ምሳ ዕቃ ቋጥራ ጠበቀችኝ። አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የዛች ልጅ ነው፤ እናንተ ትምህርት ቤት ልትሆን ትችላለች፣ ፈልጊና አብረሻት ብዪ አለችኝ። ላፕቶፔ ተከፍቶ ነበር፣ ኮከቢቷን ማጥፋት ነበረብኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት ግን ሁለቱንም ምሳ ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ መክተት ነው።

እሺ ማሚ፣ እፈልጋታለሁ አልኳት።