ጋሽ ጥራት እና የነጣው ሠርግ

ቤተሰብ ያለ ሀብታም አጎት ይኖራል። ያለ አኩራፊም፣ ያለ አስታራቂም የኖረ አለ። ያለ ቪዲዮ አንሺ የኖረ ቤተሰብ ግን እስካሁን አልተገኘም። እናንተም ቤት አለ። ልደት ላይ «ቆይ፣ ገና አትቁረሱ» እያለ ሻማው ኬኩ ላይ እስኪንጠባጠብ ቦታ የሚመርጠው እሱ ነው። ከዚህ ወገን ሁሉ የባሰው ደግሞ ጥሩ ስልክ ያለው ነው።

ጋሽ ጥራት ጥሩ ስልክ አላቸው።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ይህን ያወጣችላቸው የመጨረሻዋ ታናሽ እህታቸው ናት። እሷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰውን አፍህን ክፈት ስትል ትውላለች፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ደግሞ ወንድሟ አፍሽን ዝጊ ይሏታል። ድምፅ ይገባባቸዋላ። ጋሽ ጥራት የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር በመሆናቸው ስልካቸውን ከፍ አድርገው ረጋ ባለ ድምፅ «ጸጥታ» ሲሉ፣ የሰባ ዓመት አዛውንት እንኳ እጃቸውን ከሳህኑ ላይ ያነሳሉ።

ስልካቸው ውስጥ ኤችዲአር የሚባል ነገር አለ። እንደ እሳቸው ገለጻ (ገለጻው አጥሮ አያውቅም) ተራ ስልክ መስኮቱን ልያዝ ሲል ፊቱ ይጨልምበታል፣ ፊቱን ልያዝ ሲል መስኮቱ ይነጣበታል። የእሳቸው ግን ጥላውንም ፀሐዩንም አንድ ላይ፣ ዓይን እንደሚያየው አድርጎ ይይዛል። ይህ እውነት ነው፤ አይካድም። በእሳቸው ስልክ ላይ ሲታይ ሰማዩ ሰማይ ነው፣ የሰው ግንባር ላይ ያለችው ላብ እንኳ ታበራለች።

መከራው የሚጀምረው ቪዲዮው ከስልካቸው ሲወጣ ነው። ወደ ቤተሰቡ ግሩፕ ወይም ወደ ማኅበራዊ ሚዲያ ሲሻገር ያን ሁሉ ብርሃን ማንበብ የማይችል ስልክ ይቀበለውና፣ አንዱ ጋ አመድ መስሎ ይደርሳል፣ ሌላው ጋ ዱቄት እንደተነፋበት ነጭ ሆኖ ይደርሳል። ቅሬታ ሲቀርብላቸው ጋሽ ጥራት አንድ መልስ ብቻ አላቸው። «እኔ ስልክ ላይ እንዲህ አይደለም» ይላሉ።

አጎታቸው ጡረታ የወጡ ቀን ጋሽ ጥራት ሥነ ሥርዓቱን ቀረጹ፤ ክብር እንዲሰማበት ብለውም ቀስ ያለ ሙዚቃ ጨመሩበት። ቪዲዮው ገጻቸው ላይ ሲወጣ አጎት ከግንባር እስከ አገጭ ግራጫ ሆነው፣ በግራጫ አበባ ተከበው፣ በዝግታ እጃቸውን ሲያውለበልቡ ታዩ። ከሰዓት በኋላ «ነፍስ ይማር» የሚል መልእክት ይጎርፍ ጀመር። አጎት አንድ በአንድ አነበቡት። ማን እንደጻፈ፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ ለይተው ያዙ፤ እስከ ዛሬም ሰላምታቸው በዚያው መሠረት ነው። ጋሽ ጥራት ሲጠየቁ ግን ፍንክች አላሉም።

«እኔ ስልክ ላይ እኮ በሕይወት ናቸው።»

የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን ደግሞ ሌላ ነው። የሩጫውን መጨረሻ እሳቸው ቀርጸው ለወላጆች ግሩፕ ለቀቁት። ቀይ የለበሰውና ብርቱካናማ የለበሰው ቡድን መንገድ ላይ ታጥበው አንድ ቀለም ሆነው ደረሱ። ሁለቱም ወገን ዋንጫው የእኛ ነው አለ። ጋሽ ጥራት ወላጆችን በተራ ቢሯቸው ጠርተው በራሳቸው ስልክ ሲያሳዩ ሰነበቱ። ሰልፉ እስከ ደረጃው ይደርስ ነበር፤ ተሸናፊዎቹ ወላጆች ሁለት ጊዜ ነው ያዩት።

እህታቸው አንድ ቀን ስልካቸውን ተቀብላ ማስተካከያውን ከፈተችላቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ማጥፊያ አለው እኮ። ይኸው፣ አንዴ ነካ ማድረግ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ያየሁትን ቀንሼ ልያዝልሽ? ችግሩ የእናንተ ስልክ ነው። ስልክ ቀይሩ።»

ከአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይልቅ አንድ ሙሉ ዘመድ አዝማድ ስልክ ቢቀይር ይቀላል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። በፋይል ልላክላችሁ ብለውም ያውቃሉ። ሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህታቸው፣ እትዬ፣ አሮጌ ስልኳ ላይ አንዱን ፋይል ለመቀበል የልጆቿን ፎቶ ሁሉ አጥፍታ፣ የመጣው አልከፈትም ብሏታል።

እንዲህ እየተሳቀ ተኖረ። የጥርስ ሐኪሟ ሠርግ ሲደርስ ግን ነገሩ መሳቂያነቱ ቀረ።

እናታቸው እትዬ ቤት ተኝተዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ አንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ አጥንቱ ግን አልገጠመም። ሐኪሞቹ ከሠርጉ በኋላ ባለው ሐሙስ እንደገና ይቀደዱ ብለው ወሰኑ። በዚያ ዕድሜ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ቀልድ እንዳልሆነ ሙሽራዋ ራሷ ሐኪም ናትና ማንም ሊነግራት አላስፈለገም። እናትም ያውቃሉ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ፊርማው ላይ ስትቀመጪ ፊትሽን ልየው። ከዚያ ወዲያ እንዳሻቸው ይቅደዱኝ» አሏት በስልክ።

የሠርጉ ዋዜማ ሙሽራዋ ወንድሟን ጥግ ወሰደቻቸው።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ ኤችዲአሩን አጥፋው።»

ጋሽ ጥራት ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ለእኔ አይደለም፤ ለእማዬ ነው። የእትዬን ስልክ ታውቀዋለህ።»

«እሺ፣ አጠፋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«እማዬ ት…» ብለው ጀመሩና ሐሙስ ትዝ ሲላቸው ዋጡት። «አጠፋለሁ አልኩሽ እኮ።»

በማግስቱ የጋብቻ ምዝገባው ቢሮ በር ላይ ጋሽ ጥራት ቅርጫት ይዘው ቆመው ተገኙ። ለፈተና ከሚገባ ተማሪ እንደሚደረገው የሁሉንም ስልክ እየተቀበሉ ቅርጫቱ ውስጥ ከተቱ። «ሁሉም ስልኩን ካነሳ ሙሽራዋን ማን ሊያያት ነው? አንድ ካሜራ ይበቃል» አሉ። የሙሽራው ወገኖች ተያዩ፤ ግን ምክትል ርዕሰ መምህር ቅርጫት ሲዘረጋ እምቢ የሚል እጅ የለም። መዝጋቢዋ እንኳ የራሷን ልትጨምር ምንም አልቀራትም።

ማታውኑ ቪዲዮው እትዬ ጋ ደረሰ። ጠዋት እናት ደወሉ።

«ልጄ፣ እጅሽን አየሁት፤ ብዕሩንም አየሁት። ፊትሽ ግን የለም።»

«እንዴት የለም እማዬ?»

«ነጭ ነው። ልብሱ ነው የሚፈርመው።» ከዚያ ድምፃቸውን አስተካክለው «ግዴለም፣ ፊትሽን ከሆዴ ጀምሮ አውቀው የለ?» ሊሉ ሲሞክሩ ቃሉ ተዘበራረቀባቸው፤ ስልኩን ለእትዬ ሰጡ።

ሙሽራዋ ወንድሟ ጋ ደወለች። «አላጠፋኸውም።»

«እኔ ስልክ ላይ…»

«እማዬ አንተ ስልክ ውስጥ አይደለችም» ብላ ዘጋችባቸው። ከዚያ በአዲሱ ቤቷ፣ ያልተፈቱ ስጦታዎች መካከል ተቀምጣ አለቀሰች።

ባሏ የአቅሙን ሞከረ። ቪዲዮውን በአንድ አፕሊኬሽን ቢለውጠው ሙሽራዋ አረንጓዴ ሆነች። ጋሽ ጥራት ቤት ሄዶ ስክሪኑን በራሱ ስልክ ቢቀርጸው ፊቷ ላይ መስመር ይሮጥ ጀመር። ሌላ ቅጂ ደግሞ የለም፤ የሌላው ሰው ሁሉ ስልክ ቅርጫት ውስጥ ነበር። ቀኑ ማክሰኞ መሸ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ከትምህርት ቤቱ ለሙሽራዋ ተደወለላት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አልመጡም፤ ስልካቸውም አይነሳም። ወንድሟ ከሥራ ቀርተው አያውቁም፤ ጉንፋን እንኳ የሚይዛቸው በዕረፍት ቀን ነው። ደንግጣ ሚስታቸው ጋ ደወለች።

«ሳይነጋ ወጣ» አለች ሚስት። «ቻርጀር ብቻ ነው የያዘው። የት ነው ስለው፣ እማዬ ጋ አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ፣ በሽተኛ ወንበሩ ላይ አስተኝታ ሳለ፣ ከእትዬ ስልክ አንድ ቪዲዮ መጣላት። ጓንቷን አውልቃ ከፈተችው።

ከዚህ የከፋ ቪዲዮ በዚያ ቤተሰብ ታሪክ ተነሥቶ አያውቅም። ጠሟል፣ ደብዝዟል፣ ሩቡ የእትዬ አውራ ጣት ነው። ቀስ እያለ የእናት አልጋ ይታያል። እናት ትራስ ተደግፈዋል። ጋሽ ጥራት አልጋው አጠገብ ተንበርክከው ስልካቸውን በሁለት እጃቸው እናታቸው ፊት ይዘዋል። መልሰው ተነሡና መጋረጃውን ዘጉ።

«ልጄ፣ ተቀመጥ፤ አታድክመኝ» አሉ እናት።

ተንበረከኩ። የሠርጉ ቪዲዮ ተጀመረ፤ የመዝጋቢዋ ድምፅ ይሰማል። እናት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ከንፈሯን ነክሳለች» አሉ።

«አዎ።»

«ፊደል ስትቆጥርም እንዲሁ ነበረች።» እናት ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ጠየቁ። «ቃል ገብቶልኝ ነበር አለችኝ። ለምን እንቢ አልካት?»

«እንቢ አላልኩም እማዬ። አጥፍቼው ነበር። ኮሪደሩን በሙሉ እንዳለችኝ አድርጌ ነው የቀረጽኩት።» ስልኩን ትንሽ ቀና አደረጉላቸው። «ገብታ መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ስክሪኑን አየሁት፤ ፊቷ ጠቁሯል። ቀና ብዬ እሷን ሳያት ደግሞ አባባን መስላለች። ቁርጥ አባባን። እንዴት አድርጌ አጨልሜ ልያዛት? እጄ እንቢ አለኝ፤ መልሼ አበራሁት።»

እናት ጣታቸውን ዘርግተው በስክሪኑ ላይ የልጃቸውን ጉንጭ ነኩ፤ ሲነኩት ቪዲዮው ቆመ። ጋሽ ጥራት ሊያስቀጥሉት እጃቸውን ሰደዱ።

«ተወው» አሉ እናት። «እዚሁ ይቁም።»

በሽተኛው አፉን እንደከፈተ ሐኪሟን ጠበቃት። እሷ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ወንድሟን እንደምትወዳቸው ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ ስትበሳጭባቸው ስለምትኖር ግን ለማስታወስ ጊዜ አልነበራትም።

ሐሙስ እናት በሰላም ገብተው በሰላም ወጡ። ቅዳሜ ጋሽ ጥራት ሲመለሱ ሙሽራዋ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዳ ጠበቀቻቸው። ከአውቶቡሱ ወረዱ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ አወጡ፣ ደረታቸው ላይ አጣጠፉ፣ ፈቱ፤ የሚያደርጉበት ጠፍቷቸዋል።

«ስልክህስ?»

«እማዬ ትራስ ሥር ነው። እስክትነሣ እዚያው ይቆይ።»

«የይለፍ ቃሉን ታውቀዋለች?»

«አጥፍቼዋለሁ» አሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ።

ሌላ ነገር ልትላቸው ፈልጋ ነበር። በምትኩ ተራ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። «ቀጥ በል እስቲ። ደርሷል ብዬ ለእማዬ ልላክላት።»

ጋሽ ጥራት ኮሌታቸውን አስተካከሉ። ወደ ሰማይ አዩ፣ ወደ ስልኳ አዩ፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት፤ ፊቴ ይጠቁርብሻል» አሉ። «በዚህ በኩል ዙሪ።»

ዞረች።