መብራት ላይ የተጠመጠመው ቱቦ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። አሜሪካ የሚመጣ ሀበሻ ደግሞ ሌላ ዕቃ ቢረሳ ይህችን ተረት አይረሳም፤ ቦስ ሲሳሳት ዝም፣ ስሙን አጣመው ሲጠሩት ዝም። እኔም ከዝምተኞቹ ነበርኩ። ጋሽ ሰይድ ግን አልቻሉበትም።

ጋሽ ሰይድ ደሴ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሰው ናቸው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ፋርመርስ ብራንች በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ የመድኃኒት ቅመም በምታዘጋጅ ትንሽ ኩባንያ፣ ዕቃ አጣቢ ሆነው ተቀጠሩ። እኔ እዚያው መብራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ፤ ሁለታችንም እዚያው አቅራቢያ ጋርላንድ ከተማ ስለምንኖር በኔ መኪና እንመላለሳለን።

መብራቱ ምን ያደርጋል አትሉኝም? ትልቅ የብርጭቆ ጋን መሐል ይገባና ፈሳሹን በእሳት ሳይሆን በብርሃን ያበስለዋል። ይበስላል ከተባለ ነው እንግዲህ። መብራቱ አጠገብ ያለው ያርራል፣ ዳር ያለው ጥሬውን ይቀራል፤ አራት አጣቢዎች ያረረውን ሲፍቁ ይውላሉ።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ጠራረጉና ሱፐርቫይዘራችን ሊንዳ ፊት ቆሙ። በዚያ በመምህር እንግሊዝኛቸው፣ «ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ፈሳሹን ብርሃን በሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አድርጉት፤ ቱቦውን መብራቱ ላይ ጠምጥሙና በፓምፕ ቀስ እያለ ይለፍ። ሁሉም እኩል ብርሃን ያገኛል» አሏት።

«ማለቴ፣ ጆብዎን ብቻ ቢሠሩ አይሻልም?» አልኳቸው ወደ ቤት ስንመለስ።

«እያየሁት እንዴት ልለፈው፣ ልጄ?»

ቱቦው ተጠመጠመ። በአንዱ ጫፍ ጥሬው ይገባል፣ በሌላው የበሰለው ሳያቋርጥ ይወጣል። ሊንዳ የጋሽ ሰይድን እጅ ጨብጣ አመሰገነች። ጋኖቹም ወጡ። የሚታጠብ ጋን ከሌለ አጣቢ ምን ይሠራል? አርብ ዕለት አራቱንም ሌይኦፍ አደረጓቸው። ጋሽ ሰይድንም ጭምር።

እኔ ፓምፑን እንድጠብቅ ቀረሁ። ሰኞ ሊንዳ አዲሱን አሠራር የሚያስረዳ ወረቀት አመጣች፤ «አዘጋጅ» በሚለው ቦታ የኔ ስም ተጽፏል። «የሄደ ሠራተኛ ስም አይገባም» አለችኝ። ሳይን አደረግኩ። እናንተ ብትሆኑስ? ተዉት፣ አትመልሱልኝ።

ከወራት በኋላ ሕሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ቤታቸው ሄድኩ። ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቲኬት ሲቆርጡ ውለው መግባታቸው ነበር። የወረቀቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጋሽ ሰይድ አቀርቅረው ሰሙኝ፤ ከዚያ ቀና አሉ።

«ቱቦው መጥቆር አልጀመረም?»

«ጀምሯል።»

«ቀይሩት እንጂ። ብርሃኑን ይከለክላል።»

ይቅር ይበሉኝ አይበሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቱቦውን ግን በማግስቱ ቀየርኩት።