ጋሼ ቀሪየለም ባሉበት ቁጥር አይነበብም

ቁጥር አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የሚችል ሰው ብቻ ያለበት ቤተሰብ የታደለ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ግን አይቼ አላውቅም፤ በየዘመዱ መካከል አንድ የቁጥር ልክፍተኛ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ክቡር አጎቴ ናቸው፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው፣ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ ቀሪየለም» የሚላቸው።

ሥራቸው በየግቢው ገብተው፣ ቆጣሪው የሚያሳየውን ጽፈው መውጣት ነበር። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው መስታወቱን በእጅጌያቸው ይጠርጉና ፈዘው ይቀራሉ።

«እመቤቴ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ አራት! ሦስቱ አሃዝ ተደገመ እኮ! እንዲህ ያለ ቁጥር ለሰባት፣ ለአሥራ አንድ፣ ለአሥራ ሦስትም ይካፈላል። ቀሪ የለም!»

«እሰየው! ውሃውስ መቼ ነው የሚመጣው?» ትላለች የቤቱ እመቤት።

እሱን አያውቁም።

በእህቴ ሠርግ ቀን ዝናብ እየወረደብን በስንት መከራ ታክሲ አስቆምኩ። አጎቴ ታርጋውን አዩና በሩን መልሰው ዘጉት።

«አርባ ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። አሃዞቹን ደምራቸው፤ አሥራ አራት። ለሦስት እንኳ አይካፈልም!»

«ኧረ ጋሼ፣ ልንሳፈርበት እንጂ ልናካፍለው ነው እንዴ?»

ታክሲው ሄደ። ስንደርስ ቀለበቱ ታስሮ አልቋል።

የተማርንበት የድሮው የሂሳብ መጽሐፍ ለሁለት የመጨረሻውን አሃዝ እይ፣ ለሦስት አሃዞቹን ደምር ይልና ሰባት ላይ ሲደርስ «አካፍለህ እይ» ብሎ ይገላገላል። አጎቴ ይህን እንደ ስንፍና ነበር የሚቆጥሩት። የፈለገውን ያህል ትልቅ ቁጥር ለሰባት በቃላቸው ያካፍላሉ፤ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። የሚያናድደውም እሱ ነበር።

ባለፈው ወር በድንገት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሟ ስማቸውን ጠየቀቻቸው፤ ዝም። ወደ እኔ ጠቁማ «ይሄስ ማነው?» አለቻቸው፤ ዝም። በሩ ጋ ወስዳኝ፣ «አእምሯቸው ምን ያህል እንደተረፈ አላውቅም። የሚወዱትን ነገር ያጫውቷቸው» አለችኝ።

ዕድሜ ልኬን የሸሸሁትን ነገር ፍለጋ ተመለስኩ። አልጋቸው ግርጌ ከተንጠለጠለው ካርድ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ «ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«ለሰባት... ይካፈላል።»

ነርሷ «ተናገሩ!» ብላ አጨበጨበች። እኔ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ አካፈልኩ፤ አራት ተረፈ። በሂሳብ የምሳሳተው መቼም እኔ ነኝ ብዬ ደገምኩት። አራት።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «ሳታካፍል?»

«አካፍዬ ነው።»

«እንግዲያው ሌላ አምጣ።»

ጋዜጣውን ገለበጥኩና፣ ሰባትን በትልልቅ ቁጥር እያባዛሁ፣ የማይስቱበትን ቁጥር መሥራት ጀመርኩ።