ከላይ የደረቀ ሥዕል

ሰመራ ውስጥ የሚያጨቃጭቀን ነገር ሞልቷል፤ በአንድ ነገር ግን ሁላችንም እንስማማለን። እዚህ የማይደርቅ ነገር የለም። ልብስ አስጥታችሁ ፊታችሁን ሳታዞሩ ይደርቃል፤ ጉሮሮማ ከጧት ጀምሮ ደረቅ ነው።

የባለቤቴ ታናሽ እህት ዘይነብ ብሩሽ የማይነካው ሥዕል ትሠራለች። ቀለሙን በውኃና በኮላ ታቀጥናለች፣ ጣውላ ላይ ትደፋዋለች፣ ጣውላውን ወዲያና ወዲህ ታዘነብላለች። ነጩ ቀለም ከባድ ስለሆነ ከላይ ቢፈስም ይሰምጣል፤ ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለል ስለሚል ሽቅብ ይወጣል፤ በሚተላለፉበት ቦታ ዓይን የመሰለ ክብ ይፈጠራል። ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ። ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ሳይንስ አይደለም።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ሆቴል የሚያስገነቡት ሀጂ ሰይድ፣ «አንድ አምጪና ልየው፤ ካማረኝ የክፍሎቹ ሁሉ ያንቺ ነው» ብለዋት ነበር። እሷም ይህን ተስፋ አድርጋ የሎጊያውን የካሸርነት ሥራዋን ለቀቀች። ካላማራቸው መመለሻ የላትም።

ስልኳ ላይ የሚያስተምሯት ሰዎች ቀናት ይቆይ ይላሉ። ዘይነብ ግን «እነሱ ብርድ አገር ናቸው፤ እኛ ጋ ለምሳ ይደርሳል» አለችና በጣቷ ነክታ አረጋገጠች። ደርቋል። እኔም አይሱዙዬ ላይ፣ በጨው ጆንያዎች መካከል፣ አቁሜ አሰርኩት።

ለካስ ሙቀቱ ያደረቀው ፊቱን ብቻ ኖሯል። እንደ ወተት ስልባቦት ሠርቶ ከሥሩ ገና ፈሳሽ ነው። የገዋኔ መንገድ ጉድጓድ እያነጠረ ሲወቅጠው ሰማያዊው ተንሸራቶ፣ ተጨማዶ፣ ታች ተከማችቶ አዋሽ ደረስን። ዘይነብ አየችውና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ሀጂ ሰይድ ግን ጠጋ ብለው ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ማሻአላህ! ይኼማ ራሱ አዋሽ ነው። ላይ ላዩን ሲንጎማለል መጥቶ ባሕር ሳይደርስ እዚሁ አፋር ይቀራል። በይ ልጄ፣ ለሁሉም ክፍል ይኸንኑ፤ ደሞ አንዱ ካንዱ እንዳይለይ።»

ቀለም በማፍሰስ የሚሠሩ ሥዕሎች እንደማይደገሙ ማን ይንገራቸው? ዘይነብ እንባዋን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ማፍሰሱ አያቅተኝም። ጋሼ፣ አንተ በዚያው ጉድጓድ፣ በዚያው ፍጥነት ትነዳልኛለህ።»

ከዚያ ወዲህ ሌላው ሾፌር የሚሸሸውን ጉድጓድ እኔ እየፈለግሁ እገባበታለሁ፤ ሀጂም እስካሁን ልዩነቱን አላዩትም። ትናንት ግን የገዋኔው መንገድ ሊጠገን ነው የሚል ወሬ ሰማን። የሎጊያ ሾፌር በሙሉ አልሐምዱሊላህ አለ።

እኛ ቤት ተለቀሰ።