ባትሪው ያቋረጠው ንግግር

«አላውቅም» ማለት የሚከብደው ሰው አለ? እኔ አለሁ። በተለይ ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ። ትምህርት ቤት ክፍት በነበረ ጊዜ መምህር ጠይቆኝ መልሱ ከጠፋኝ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር፤ ጣሪያው ላይ የተጻፈ ነገር እንደሌለ እያወቅሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን ዝም ማለቱንም አልችልበትም። ሰው አፌን እያየ ሲጠብቀኝ አንድ ነገር ካላልኩ የበደልኩት ይመስለኛል። ይህ ጠባዬ ታዲያ ባለፈው ሰው ሊያስፈጅ ነበር። ቆይ፣ ከሬዲዮው ልጀምርላችሁ።

ሰፈራችን ከሮብ ገበያ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ሽቅብ ነው። ድንችና ገብስ ይበቅልበታል፤ ኔትወርክ አይበቅልበትም። መብራት ከጠፋ ሰንብቷል። ኢንተርኔቱማ መቼ እንደሄደ ቀኑንም ረስተነዋል። የቀረን የአባቴ ሬዲዮ ነው። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል። ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። ትንሽ ይነቃል፣ ትንሽ ያወራል፣ ተመልሶ ይተኛል።

የአገሪቱ መሪ ምክር ቤት ቀርበው ስለ አገር ውስጥና ስለ ውጭ ጉዳይ ይናገራሉ የተባለ ቀን ግን ያ ሬዲዮ ከእኔም ከወንድሞቼም በላይ ይከበራል። ሰው ለምን እንደሚያዳምጥ ታውቃላችሁ? መንገድ ለመውጣት ነው። ሌላው አገር አየሩን ሰምቶ ጃንጥላ ይይዛል፤ እኛ ንግግሩን ሰምተን መውጣት አለመውጣታችንን እንቆርጣለን። የአተረጓጎሙ ባለቤት የኔታ ናቸው። የኔታ የአብነት መምህር ናቸው፤ ዕድሜ ልኩን መጽሐፍ ሲተረጉም የኖረ ሰው ሬዲዮ አያቅተውም። «ሰላም ነው ካለ ቤትህ ቁጭ በል» ይላሉ። «ጥቂት ችግር አለ ካለ ተኩሱ እየበረደ ነውና ውጣ። ስለ ባሕርና ስለ ጎረቤት አገር ብቻ አውርቶ ከሄደ እኛ ትዝ አላልነውም፤ ተመስገን በልና እርሻህን እረስ።» ስቃችሁ ይሆናል። ሰፈሩ ግን በዚህ ሕግ ነው ወጥቶ የሚገባው።

በዚያ ሳምንት አያ ፈረደ ጭንቅ ላይ ነበሩ። አያ ፈረደ ጎረቤታችን ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ደብሬ ወራቸው ገብቷል። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሆዳቸውን ዳስሳ ሕፃኑ ተጋድሟል አለች። እዚህ መውለድ አይቻልም፣ ምጡ ሳይጀምር ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ግቡ አለች። መባሉ ቀላል ነው። መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን የሚዘጋ ነው። ባለፈው ሳምንት ወደ ታች ሁለት ቀን ሙሉ ሲተኮስ ሰምተናል። ድንች የጫነ መኪና በንግግሩ ማግስት ጠዋት ይወርዳል፤ ሾፌሩ ጋቢናውን ለእትዬ ደብሬ ይዞላቸዋል። ከሄዱ ተኩሱ መንገድ ላይ፣ ከቀሩ ምጡ ቤት ያገኛቸዋል። ምረጥ ቢሏችሁ የቱን ትመርጣላችሁ?

ያን ዕለት ትልልቆቹ ሁሉ ድንች ሊቆፍሩ ወረዱ። ሬዲዮው ለእኔ ተሰጠ። አያ ፈረደ መቆፈሪያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በራችን ላይ ቆሙና «አደራ፣ ይታይሽ ልጄ፣ የባሕሩን ተዪው። ስለኛ የምትባለዋን እንዳትጥያት» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት መቼ ይከብደኛል!

ንግግሩ ተጀመረ። መሪያችን ከውጭ ጉዳይ ጀመሩ። ስለ ባሕር ተናገሩ። ስለ ጎረቤቶቻችን ተናገሩ። ስለ ወዳጆቻችን፣ ወዳጅ ስለማይመስሉ ወዳጆቻችንም ተናገሩ። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ በዚያ ቀን ግን ረጅም እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ ወደ አገር ውስጥ ዞሩ። ስለ ስንዴ ሆነ፣ ስለ ግድብ ሆነ። መጨረሻ ላይ አንድ የምክር ቤት አባል ተነሥቶ ስለ እኛ አካባቢ ጠየቀ። ጆሮዬን ሬዲዮው ላይ ለጠፍኩ። መሪያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በአካባቢው…» አሉ።

ሬዲዮው ኽርርር አለና ጸጥ።

ድንጋዩ አለቀ። ማን ጨረሰው? ከእኔ በቀር ማን ይጨርሰዋል! ትናንትና ቤቱ ሰው የለም ብዬ ዘፈን ሳዳምጥ ውያለሁ። ድንጋዮቹን አውጥቼ በመዳፌ አሸሁ። ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁ። ቦታ አለዋወጥኳቸው። ምንም።

ድንጋዮቹን እንደገና ብብቴ ውስጥ ከትቻቸው እንዳለሁ አያ ፈረደ ደረሱ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። የኔታ ከኋላ ተከትለዋል። እትዬ ደብሬ ወገባቸውን ይዘው መጥተው ደጃፋችን ያለው መደብ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እህስ፣ ምን አለ?» አሉ አያ ፈረደ።

አስቡት እስቲ። ሰላም ነው ብል በየኔታ ሕግ ይቀራሉ፤ እትዬ ደብሬ እቤት ያምጣሉ። ችግር አለ ብል ይወጣሉ፤ ተኩስ መሀል ይገባሉ። አልሰማሁም ማለትስ? እሱማ እውነቱ ነበር፤ ግን አባቴ ድንጋዩን የት አደረግሽው ይላል። ሦስቱም አፌን ያያሉ። ለአንዲት ደቂቃ አገር መራሁ በሉት፤ ጠላቴም አይምራ።

«ሰላም ነው ብለዋል» አልኩ። የአያ ፈረደ ፊት ሲጠቁር ሳየው ቶሎ ብዬ «ግን አንዳንድ ችግርም አለ ብለዋል» አልኩ። «መንግሥትም እየሠራበት ነው። ኅብረተሰቡም…» ኅብረተሰቡ ምን እንደሚያደርግ አልመጣልኝምና እዚያው ላይ ቆምኩ።

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰላምም ነው፣ ችግርም አለ» አሉ ለራሳቸው። «ጠንካራ ቃል ነው። በሁለት በኩል ነው የሚሄድ። አንዱ…»

«የኔታ» አሉ እትዬ ደብሬ ከመደቡ ላይ፣ «እርስዎ ተርጉመው እስኪጨርሱ እኔ እዚሁ ወልጄ ክርስትና አስነሣለሁ።»

የሳቀ የለም። አያ ፈረደ ለረጅም ጊዜ እኔን አዩኝ። ከዚያ «ነገ እንወርዳለን» ብለው ሄዱ።

ጠዋት መኪናው ድንቹን ጭኖ፣ እትዬ ደብሬን ጋቢና አስቀምጦ፣ አያ ፈረደን ከኬሻው ላይ ሰቅሎ ወረደ። ረፋድ ላይ ከወደ ታች ተኩስ ተሰማ። አንድ። ቆይቶ ሁለት። ከዚያ ብዙ። እናቴ ውጭ ያለችውን ጥጃ ወደ ቤት አስገባች። እኔ ጓዳ ገብቼ ጆሮዬን ያዝኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቃሌ ወርዶ ወርዶ የት እንደደረሰ አላውቅም። ያን ዕለት ወሬ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እህል በአፌ አልዞር አለኝ። እናቴ ወባ ነው አለች፤ በዚያ ብርድ ወባ ከየት ይመጣል?

በአራተኛው ቀን አያ ፈረደ በእግራቸው መጡ። እንዳየኋቸው ወደ እሳቸው ሮጥኩ። እኔ ትልቅ ሰው ፊት ሮጬ አላውቅም። ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ሁለት ቦታ አስቁመዋቸዋል፣ ልብሳቸው እርስ በርሱ የማይመሳሰል የሁለት ወገን ታጣቂዎች፤ ሁለቱም ጋ ጋቢናውን ከፍተው የእትዬ ደብሬን ሆድ ሲያዩ እለፉ ብለዋል። ተኩሱ የተጀመረው እነሱ ካለፉ በኋላ ነው። እትዬ ደብሬ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ተገላግለዋል። ደህና ናቸው።

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። «አያ ፈረደ፣ እኔ አልሰማሁም ነበር። ድንጋዩ አልቆብኝ ነው» አልኩ።

«እሱንማ ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አሉ።

«እንዴት አወቁ?»

«መሪው መቼ በሁለት ቃል ጨርሶ ያውቃል?»

«ታዲያ ለምን ሄዱ?»

«ፊትሽን አየሁታ! አንቺ ክፉ ወሬ ሰምተሽ መደበቅ አይሆንልሽም። ያን ዕለት ፊትሽ ላይ የነበረው የአባቷን ድንጋይ የጨረሰች ልጅ ፍርሃት ነው። የጦር ወሬ አልነበረበትም።»

እሳቸው ይህንን ለእኔ ነግረው ዝም ቢሉ ጥሩ ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ አወሩት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ንግግር ነበር። አባቴ አዲስ ድንጋይ ገዝቷል። ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ፤ የኔታም ሳይቀሩ መጡ። ሬዲዮው ጥርት አድርጎ ይናገራል፤ ሰዉ ግን ጀርባውን ለሬዲዮው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተቀመጠ። ባሕሩን እንደምንም አለፍኩት። ጎረቤት አገሮችንም አለፍኩ። ወደ እኛ አካባቢ ሲደርሱ ግን፣ ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ ያደረው የመንጋጋ ጥርሴ ባሰበትና ጉንጬን ይዤ ፊቴን ጭምድድ አደረግሁ።

በማግስቱ ከሰፈራችን ገበያ የወጣ ሰው የለም።